አረንጓዴው ከላይ ነው

ወንድም ዓለም የማነ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትህን እጠይቃለሁ። የአሰብ ሙቀት ዘንድሮ እንዴት አድርጎ ያዛችሁ? ያ የኩላሊት ሕመምህስ ተነሥቶብሃል ወይስ ውሃ እያበዛህ አስታግሠኸዋል? ባለቤትህ ለተክርስቶስ እጇ ላይ ያለው የቃጠሎ ቁስል ደረቀላት? አታክልቲ ትምህርት ቤት መዋል ለመደ? ዓለምጸሃይ ጥርስ አበቀለች? አማትህስ ዓይናቸው ተሻላቸው? ወደ ሥራ ስወርድ በጊዮርጊስ ደጅ ሳልፍ የሁላችሁንም ስም በየተራ እየጠራሁ ነው የምሳለመው።

እኔን ብትለኝ ሰውነቴ ደህና ነው። እሠራለሁ፣ እበላለሁ፣ እተኛለሁ። ልቤን ግን ደህና ነው ብዬ ልጽፍልህ አልቻልኩም፤ ይህን ያህል ጊዜ ድምፄ የጠፋብህም ለዚሁ ነው። ስንት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት መሰለህ።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልላክሁትም። የሚያደርስልህ እምሩ ነው፣ ያው ደረቅ ዓሣና ጨው በእጁ የምትልክልኝ የከባድ መኪና ሾፌር። ከነሐሴ ወዲህ ዓይኑን ያላየኸው ረስቶህ አይደለም። መኪናው ከኮምቦልቻ ወደ ሰሜን እህል እንዲያመላልስ ታዞ እዚያው ሲንከራተት ከርሞ፣ ወደ አሰብ እንዲመለስ የተፈቀደለት ገና አሁን ነው። አንብበህ ስትጨርስ ደብዳቤውን ቤት አታስቀምጠው።

የምነግርህ ስለ አባታችን ነው። በሕይወት አሉ። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት ሌላውን ስታነብ እንዳትደነግጥ ነው። የት እንዳሉ ግን አላውቅም፤ የሚያውቅ ሰውም አላገኘሁም። እንዴት እዚህ እንደደረስን ከመጀመሪያው ልንገርህ።

ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ ሥራችን ባንዲራ ብቻ ሆኖ ነበር። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሊከበር፣ ፓርቲውም ሊመሠረት ነው ተባለና ፒያሳ ያለን ልብስ ሰፊዎች በሙሉ በየቀበሌያችን ተጠርተን ታዘዝን። አሠሪዬን ኑሪን ታስታውሰዋለህ፣ ከጊዮርጊስ ወረድ ብሎ ሱቅ ያለው የጉራጌ ሰው። የጀመርነውን የሙሽራ ቀሚስና የተማሪ ልብስ ሁሉ ጠቅልሎ ጓዳ ከተተና ጣቃውን ተረከበ። ቀዩ ጨርቅ በጭነት መኪና ነው የመጣው፤ እሱ ለማጭድና መዶሻው ባንዲራ ነው። ለሦስት ቀለሙ ለራሳችን ባንዲራ የደረሰን ግን ጥቂት ነበር፤ አረንጓዴውማ ሐምሌ ሳይወጣ አለቀ። ኑሪ መርካቶ ለመርካቶ ዞሮ ጠቆር ያለ የመጋረጃ ጨርቅ አገኘና በእሱ ቀጠልን።

የቀበሌው ካድሬ በየጊዜው ብቅ እያለ ቀዩ ባንዲራ ከሦስት ቀለሙ እንዳያንስ በሜትር ይለካ ነበር። እግረ መንገዱንም ያስተምረናል። ቀዩ ቀለም የሠርቶ አደሩ ደም ነው፣ አረንጓዴው ገበሬው በማኅበር የሚያርሰው መሬት ነው ይለናል። አጠገቤ የምትሰፋው አሰፋች፣ አፏ የማያርፈው፣ አንድ ቀን ቀና ብላ «ቢጫውስ ጓድ?» አለችው። ትንሽ አሰበና «እሱ በሚቀጥለው ስብሰባ ይብራራል» ብሏት ወጣ። ኑሪ እስኪርቅ ጠብቆ ነው የሳቀው። እኛም ሳቅን። ያኔ ገና የምንስቅበት ጊዜ ነበር።

እኔ ግን በሆዴ የአባታችንን ድምፅ እሰማ ነበር። አላማጣ ትምህርት ቤት ጠዋት ጠዋት ተሰልፈን እሳቸው ገመዱን ሲስቡ፣ ባንዲራው እስኪወጣ ድረስ ማንም እንዳያስል የሚያዩት አስተያየት ትዝ አይልህም? ከዚያ ክፍል ገብተው ታሪኩን ያወሩልናል። በጥንት ጊዜ ሦስቱ ቀለሞች እየብቻቸው የሚውለበለቡ ቀጫጭን ጨርቆች እንደነበሩ፣ አንድ ላይ የተሰፉት ኋላ እንደሆነ፣ በአያታችን ልጅነት ቀዩ ከላይ ሆኖ አረንጓዴው ከታች እንደነበረ፣ በኋላ ግን ተገልብጦ አረንጓዴው ከላይ እንደሆነ። አረንጓዴው ልምላሜ ነው፣ ቢጫው ተስፋ፣ ቀዩ ለአገር የፈሰሰ ደም። የቤተ ክህነት ሰዎች ደግሞ እግዚአብሔር ለኖኅ ቃል ኪዳን ከሰጠበት ቀስተ ደመና የተወሰደ ነው እንደሚሉም ይነግሩናል። የቱ እውነት ነው ብለህ ስትጠይቃቸው «ሁለቱንም ያዝ፣ አይከብድህም» ያሉህን አልረሳሁትም።

መሐሉ ላይ ዘውድ ደፍቶ መስቀል ያለበት ዘንግ የያዘው አንበሳም ነበር። ንጉሡ ከወረዱ በኋላ አንበሳው መጀመሪያ ዘውዱን አወለቀ፣ የመስቀሉ ቦታም የጦር ጫፍ ሆነ፣ ቀጥሎ አንበሳው ራሱ ጠፋ። ኑሪ ያን ጊዜ ገና ተቀጥሮ ነበር የሚሰፋው። ከየመሥሪያ ቤቱ የተሰበሰበ ባንዲራ እየመጣላቸው የአንበሳውን ጥልፍ በምላጭ ሲፈቱ እንደከረሙ አጫውቶኛል። አንበሳው ተነቅሎም ቢጫው ላይ የመርፌው ቀዳዳ ቅርጹን ይዞ ይቀር ነበር አሉ። ለብርሃን ከፍ ስታደርገው እግሩም ጅራቱም ይታይሃል። አባታችንም በዚያው ሰሞን ተማሪዎቻቸውን ሰብስበው «ሥዕሉ ይመጣል ይሄዳል፣ እናንተ ቀለሞቹን ያዙ» እንዳሉ ያኔ ጽፈውልን ነበር።

ጡረታ ከወጡም በኋላ ባንዲራውን የሚሰቅሉት እሳቸው እንደነበሩ ታውቃለህ። ድርቁ ሲጠና ወደ እኔ ይምጡ ብዬ ላክሁባቸው፣ አንተም እንደላክህባቸው ነግረኸኛል። ለሁለታችንም የመለሱት መልስ አንድ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ሳይዘጋ አልንቀሳቀስም። ከሰኔ በኋላ ግን መልእክታቸው ቀረ። ከዚያ አካባቢ ሰው አይመጣም፣ ከዚህም ሰው አይሄድም። በሬዲዮ የምንሰማው የመዝሙር ልምምድ ነው። ስለ ረሃቡ ሰው የሚያወራው በሹክሹክታ፣ ዘወር ዘወር እያለ ነበር።

ጳጉሜ በገባ ሰሞን እምሩ አቧራውን ሳያራግፍ ሱቃችን ድረስ መጣ። ወደ ውጭ ጠራኝና አባትሽን አምጥቻቸው ነበር አለኝ። ኮምቦልቻ ነዳጅ ማደያው ጋ ተቀምጠው፣ ከአሰብ የሚመጣ መኪና በቆመ ቁጥር እየተነሡ «ወደብ ላይ የሚሠራ የማነ ገብረዮሐንስ የሚባል ልጅ ታውቃላችሁ?» እያሉ ሾፌሩን ሁሉ ይጠይቁ ነበር። እዚያ ድረስ የመጡት አብዛኛውን በእግራቸው ነው። እምሩ ስምህን ሲሰማ ማንነታቸውን አወቀና ወደ አዲስ አበባ መሄዱን ነግሯቸው ጋቢና ውስጥ አስገባቸው። የከተማው መግቢያ ኬላ ላይ ሲደርሱ ግን መሸኛ ተጠየቁ። መሸኛ የላቸውም። አላማጣ ላይ መሸኛ የሚጽፈው ጸሐፊ ራሱ ተሰዷል። «ካላወረድኳቸው መኪናውን እንደሚይዙት ነገሩኝ፤ እሳቸውም በገዛ ፈቃዳቸው ወረዱ» አለኝ እምሩ፣ ፊቴን ማየት እያቃተው።

ኑሪ ወሬውን እንደሰማ አንድም ጥያቄ ሳይጠይቀኝ መቀሱን ከእጄ ወስዶ «ሂጂ» አለኝ። ዳቦና ጋቢ ይዤ ሄድኩ። መንገዱ ዳር፣ ከኬላው ገመድ ማዶ፣ ዝናብ የሚመታው ሰው ተኮልኩሏል። ስንት እንደሆነ አልቆጠርኩም። ሕፃናቱ አያለቅሱም፤ ያስፈራኝ እሱ ነው። አባታችንን አልፌያቸው ሄጄ ነበር የማነ። በስሜ ሲጠሩኝ ነው የዞርኩት። ፊታቸው አልቆ ዓይናቸው ብቻ ቀርቷል። ኮታቸውን ግን ቆልፈውታል፣ ያን ክፍል ሲገቡ የሚለብሱትን ኮት። ገመዱን እንዳልሻገር ጠባቂው በእጁ ምልክት ሰጠኝ። ልጅ እግር ወታደር ነው፣ ክፉ አልነበረም፤ ገመዱ ላይ ተንጠልጥዬ ሳቅፋቸው ወደ ሌላ ዞረልኝ።

መጀመሪያ የጠየቁኝ አንተን ነው። ከዚያ ልጆቹን። ዳቦውን ቆርሰው አብዛኛውን ከኋላቸው ላለች ሴት አቀበሏት፤ የጎረቤታችን የሐድጉ ሚስት ናት፣ ሐድጉ መንገድ ላይ ቀርቷል፣ ልጆቹ አብረዋት አሉ። እንዴት እንደወጡም ነገሩኝ። ትምህርት ቤቱን የዘጋው ማንም አይደለም፣ ተማሪው አንድ ሁለት እያለ መምጣት አቆመ። በመጨረሻው ቀን ባንዲራውን ያለ ተማሪ ብቻቸውን ሰቀሉት፣ ማታም ብቻቸውን አወረዱት። «ከዚያ በፊት ግን አንዲት ትንሽ ልጅ ጠየቀችኝ» አሉኝ። «አረንጓዴው ልምላሜ ነው ስላት ‹ልምላሜ ምንድን ነው?› አለችኝ። ዝናብ ሲቀር ገና ጡት ላይ የነበረች ናት፣ ከየት ታውቀዋለች? እጄን ዘርግቼ ይኸውልሽ የምላት አንድ ነገር አጣሁ።» ይህን ሲሉኝ ድምፃቸው እንኳ አልተለወጠም። ትምህርት እንደሚያስረዱ አድርገው ነው የነገሩኝ።

ከበላያችን መንገዱን ተሻግሮ የእንጨት ቅስት ተሠርቷል፣ በባንዲራ የተሸለመ። አባታችን ቀና ብለው አዩና እኛ ሰፍተነው እንደሆነ ጠየቁኝ። አዎን አልኳቸው። «ስፌቱ ጥሩ ነው፣ አረንጓዴው ግን ጠቁሯል» አሉኝ። የመጋረጃ ጨርቅ መሆኑን ስነግራቸው ፈገግ አሉ። ጋቢውን አልብሻቸው፣ ከቀበሌዬ ወረቀት አስጽፌ እንደምመለስ ነግሬያቸው ሄድኩ። ሲሸኙኝ «አትሩጪ፣ እኔ የትም አልሄድም» አሉኝ።

ቀበሌ ስሄድ ሊቀመንበሩ ለሰልፍ ልምምድ ወጥቷል። በማግስቱም ወጥቷል። ሲገኝ ደግሞ አባቴ መሆናቸውን፣ ቤቴ እንደማሳርፋቸው፣ ከማንም ምንም እንደማልፈልግ ነገርኩት። የአባቶች ወግ ያለው ሰው ነው፤ ቁጭ አድርጎ ሰማኝ። «ልጄ፣ እኔ ብጽፍልሽ ኬላው አይቀበለውም። እስከ በዓሉ ከሰሜን ማንም አይግባ ተብሏል። እንግዶች ይመጣሉ» አለኝ። ከበዓሉ በኋላ አባቴ በሕይወት ይኖሩ እንደሆነ ጠየቅኩት። ከቀበሌው በላይ ወዳለው ከፍተኛ ጽሕፈት ቤት ሂጂ አለኝ፤ ሄድኩ። እዚያ ያለው ጸሐፊ የቀበሌ ጉዳይ ነው ብሎ መለሰኝ። ይህ ሁሉ ሲሆን በየሄድኩበት ግድግዳ ላይ፣ በየጠረጴዛው ላይ የእኛው ሱቅ ባንዲራ ተሰቅሏል። ቤቴ ያለበትን እሪ በከንቱንም ከመንገድ እንዳይታይ በቆርቆሮ አጥር ጋረዱት። የፒያሳ ልጆች ከተማዋ ተሸፋፍና ልትዳር ነው እያሉ ይቀልዳሉ።

በዘመን መለወጫ ዋዜማ ሊቀመንበሩ ራሱ ሱቅ ድረስ መጥቶ አንድ ወረቀት ሰጠኝ። ማኅተም አለበት። አባቴ መሆናቸውንና እኔ ተቀባያቸው መሆኔን ይገልጻል። «የሚሆን አይመስለኝም፣ ግን ሞክሪው» አለኝና ሳይሰናበተኝ ወጣ። ለእኔ ብሎ ራሱን አጋልጦ እንደጻፈው ገብቶኛል። ኬላው ጋ እንዴት እንደደረስኩ አላስታውስም። ስደርስ ከገመዱ ማዶ ሰው የለም። ጭቃው ላይ የሰው አሻራና የተጣለ ቆርቆሮ ብቻ ነው ያለው። ቦታው ተጠርጓል።

የሆነውን የነገረችኝ እዚያ መንገድ ዳር ቆሎ የምትሸጥ ሴት ናት። ከጠባቂዎቹ ቤት ፊት ለፊት ባለው እንጨት ላይ አዲስ ባንዲራ ሰቅለው ነበር። ተገልብጦ ነው የተሰቀለው፣ ቀዩ ከላይ። አባታችን ቀኑን ሙሉ ሲያዩት ዋሉ። ያወርዱታል ብለው ጠበቁ። በማግስቱ ጠዋት ተነሥተው ኮታቸውን አስተካከሉ፣ ወደዚያ ልጅ እግር ጠባቂ ቀረቡና «ልጄ፣ ባንዲራው ተገልብጧል። አረንጓዴው ከላይ ነው» አሉት። ጠባቂው ቀና ብሎ አየ፣ አፈረም፣ የባንዲራውን ገመድ ሊፈታ እጁን ዘረጋ። በዚህ መሐል አንድ ካድሬ ከመኪና ወርዶ መጣና ይሄ ደግሞ ማን ነው ስለ ባንዲራ የሚያስተምረን አለ። አባታችን መምህር እንደነበሩ ነገሩት። «የትኛውን ባንዲራ ነው ስታስተምር የነበረው? አንበሳ ያለበትን?» አላቸው። «አንበሳ ያለበትንም፣ የሌለበትንም» አሉት።

ሴትዮዋ እንደነገረችኝ ካድሬው አልጮኸም፣ አልመታቸውምም። ሰዉን ሊመልሱ ከቀትር በኋላ ይመጣሉ የተባሉት የጭነት መኪናዎች አሁኑኑ ይምጡ አለ፣ እንግዶቹ በዚህ መንገድ ከማለፋቸው በፊት። ሲጭኑ አባታችንን ከሁሉ አስቀደሟቸው። የሐድጉን ሚስትና ልጆቹንም አብረዋቸው አሳፈሩ። ወዴት ብዬ ጠየቅኋት። ወደመጡበት አለችኝ።

ወረቀቴን ለዚያ ጠባቂ አሳየሁት። አንብቦ ጨረሰና አጥፎ መለሰልኝ። «ትናንት የት ነበርሽ?» አለኝ፣ ሊወቅሰኝ ሳይሆን አዝኖ። ቀና ስል ባንዲራው አሁንም እንደተገለበጠ ነው። ማየቴን አየ። ማውረድ ቢፈልግም የሚያዘው የለም፣ ተናገር ቢሉትም የአባታችንን ነገር አይቷል። እኔም የአባታችንን ነገር ሰምቻለሁ። ዝናብ መጣና እሱ ወደ ቤቱ ገባ፣ እኔም ወደ ፒያሳ ተመለስኩ።

የበዓሉ ቀን ቀበሌው ስለጠራን ቸርችል ጎዳና ተሰልፈን ባንዲራ አውለበለብን። ኑሪ ከጎኔ ቆሞ ነበር፤ እጄ ሲዝል የእኔንም ተቀብሎ ሁለቱን ባንድ ላይ ያውለበልብ ነበር። ሌላ ምን ያድርግልኝ? ሰልፉ ሲያልፍ አሰፋች ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብላ ለቅሶሽን ቤት ስትገቢ አለችኝ። እንዳለችኝ አደረግሁ።

ጥቅምት ላይ ነገሩ በውጭ አገር ሬዲዮ ተሰማና ድርቁ እዚህም በይፋ ይወራ ጀመር። እምሩን እህል እንዲጭን የላኩት ያን ጊዜ ነው። ከወልድያ ማዶ አንድ መጠለያ ውስጥ አባታችንን አገኛቸው። ተስቦ ይዟቸው ተነሥተዋል፤ ጸጉራቸው ረግፏል፤ ያውቃሉ ግን፣ ይናገራሉ። እኔ እንዳልመጣ አጥብቀው ነግረውታል። በሽታው ከረሃቡ ይልቅ ይገድላል አሉት። እኔ ግን መሄድ ፈለግሁ። ለመግባት ያስከለከላቸው መሸኛ አሁን ደግሞ ለመውጣት ከለከለኝ፤ ያ ሊቀመንበር በሌላ ተተክቷል፣ አዲሱ ስሜን እንኳ አልጠየቀኝም።

እምሩ ዳግመኛ ሲመላለስ ሌላ ወሬ ሰማ። ሰዎች ለሰፈራ እየተመዘገቡ ነው፣ ወደ ምዕራብ፣ ዝናብ ወዳለበት አገር። አባታችንን ዕድሜያቸው ስለገፋ አይወስዷቸውም ነበር። የሐድጉ ሚስት ግን ያለ ወንድ አባወራ ስትመዘገብ ልጆቿ ይለያዩብኛል ብላ ፈራች። አባታችን ሄደው የቤተሰቡ አባወራ እኔ ነኝ ብለው አስመዘገቡ። እምሩ ለምኗቸው ነበር፤ በመኪናዬ ደብቄ ልሞክር አላቸው። «ልጆቹን ለማን ልተዋቸው?» ነው ያሉት። ይህን ስሰማ ተናደድኩባቸው፣ ልዋሽህ አልችልም። እኛስ ልጆችዎ አይደለንም ወይ ብዬ ለብቻዬ ጮህኩ። በኋላ ሳስበው ሌላ ነገር ቢያደርጉ አባታችን አይሆኑም ነበር።

ኅዳር ላይ አሰፋች ወሬ ይዛ መጣች። ሰፋሪዎቹን የጫኑ አውቶቡሶች ከደሴ መንገድ ገብተው በአራት ኪሎ፣ በጊዮርጊስ አድርገው ወደ ምዕራብ ያልፋሉ፤ ቆመው አያውቁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት የጊዮርጊስ አደባባይ ላይ ቆምኩ፤ እኔ መቆም ሳልችል አሰፋች ትቆምልኛለች። ዳቦ በጨርቅ ቋጥሬ እይዛለሁ። አንዳንድ ቀን አንድም አይመጣም፣ አንዳንድ ቀን ተከታትለው ይመጣሉ። በየመስኮቱ የማላውቀው ፊት ነው። ሰዎቹ ወደ ፎቁና ወደ ሱቁ ሳይሆን ወደ እኛ ወደ ቆምነው ነው የሚያዩት። ዘመድ የሚፈልጉ እንደኔ ያሉ ሌሎችም ነበሩ፤ ስም እየጠሩ ይጮሃሉ። እኔም «ገብረዮሐንስ» ብዬ የአባቴን ስም ያለ ማዕረግ መንገድ ላይ ጮህኩ።

ባለፈው ሳምንት አገኘኋቸው። ፊተኛው አውቶቡስ አፍንጫው ላይ ባንዲራ ታስሯል። አባታችን ከኋላ በሚከተለው ውስጥ፣ መስኮት ዳር፣ የሐድጉን ትንሿን ልጅ ታቅፈው ተቀምጠዋል። ልጅቱ ወደ ደጅ ትጠቁማለች፣ እሳቸው ጎንበስ ብለው ምን እንደሆነ ይነግሯታል። መስኮቱን እየመታሁ ሮጥኩ። አዩኝ የማነ። አወቁኝ። መስታወቱ አይከፈትም፣ ወይም መክፈት አቃታቸው። አፋቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ የሚሉት ግን አይሰማም። ከዚያ በእጃቸው ተመለሺ አሉኝ፤ ከሰልፍ ስንወጣ መስመር አስተካክሉ የሚሉበትን ዓይነት፣ መዳፋቸውን ከፍተው፣ ቀስ አድርገው። እኔ መሮጤን አልተውኩም። አንድ ሚሊሻ ክንዴን ያዘኝና «እህቴ፣ ትገጫለሽ» አለኝ። አውቶቡሱ ወደ ታች ታጠፈ። ኑሪ ከኋላዬ ደርሶ ቋጠሮውን ከእጄ ነጠቀና በሚቀጥለው አውቶቡስ ክፍት መስኮት ወረወረው። «ለማንም ይሁን፣ ይብሉት» አለ።

ከዚያ ወዲህ የጠየቅኩት ሁሉ የተለያየ ነገር ይነግረኛል። አንዱ ጋምቤላ ናቸው ይላል፣ ሌላው ኢሉባቦር፣ ሌላው ወለጋ። መሥሪያ ቤቱ ዝርዝሩ ገና አልደረሰንም፣ ሲደርሰን ተመለሺ ይለኛል። ደብዳቤ ልጽፍላቸው ብል በማን አድራሻ ልጻፍ? አሁን የበዓሉ ባንዲራዎች ዝናብና ነፋስ ቀዳዷቸው ለጥገና ወደ ሱቃችን ተመልሰዋል። ኑሪ አንቺ አትንኪያቸው ብሎ የተማሪ ልብስ ሰጥቶኝ ነበር፤ ሥራው ስለበዛ ግን እኔም እሰፋቸዋለሁ። እጄ ይሠራል። አንዳንዴ ምን እየሰፋሁ እንደሆነ ቀና ስል ነው የማየው።

አንተ ከሥራህ ተነሥተህ እንዳትመጣ። ብትመጣ የምታደርገው ነገር የለም፣ ሥራህን ብቻ ነው የምታጣው። አሰብ ላይ ግን ወደ ምዕራብ የሚነዱ ሾፌሮችን የሚያውቅ ሰው አይጠፋምና ስማቸውን እየነገርክ አስጠይቅልኝ፤ ረዘም ያሉ፣ ጸጉራቸው የረገፈ፣ ኮት የለበሱ አስተማሪ፣ አንዲት ሴትና ልጆች አብረዋቸው አሉ በላቸው። ሌላ ምን ማድረግ እንደምንችል ቢታይህ ጻፍልኝ። እኔ አልታየኝም።

ለተክርስቶስን በሁለት ጉንጯ ሳምልኝ፤ እጇ ሳይድን እሳት እንዳትቀርብ ንገራት። አማትህን ጉልበታቸውን ስሜያለሁ በላቸው፤ እሳቸው ለጸሎት የማይታክታቸው ናቸውና የአባታችንን ስም ያክሉልኝ። አታክልቲን ትምህርት ቤት ባይወደውም ይሂድ ብላለች አክስትህ በለው። ዓለምጸሃይን እቅፍ አድርገህ አንገቷ ሥር ሳምልኝ። ኑሪና አሰፋች ሰላም ብለውሃል። እምሩን ምሳ ሳታበላው አትልቀቀው፤ የሆነውን እንደገና አታስወራው፣ እሱም ደክሞታል።

ልጆቹ አያታችን የት ናቸው ብለው ከጠየቁህ መንገድ ላይ ናቸው በላቸው። ሐሰት አይሆንብህም።

እህትህ ምብራት ገብረዮሐንስ
አዲስ አበባ፣ አራዳ፣ እሪ በከንቱ
ኅዳር ፳፯ ቀን ፲፱፻፸፯ ዓ.ም.